ትልቁ ሪል ለየትኛው ሥራ? ለባስ አጥማጆች የተዘጋጀ መመሪያ

ባስ የሚያጠምድ ሰው የዓሣ ዕቃ ሱቅ ገብቶ 300 ወይም 400 የሚል ቁጥር ያለበትን ትልቅ ቤይትካስቲንግ ሪል ሲያነሣ ቀድሞ የሚታየው ዓሣው ነው። «ትልቅ ዓሣ ለመያዝ ትልቅ ሪል ያስፈልጋል» ብሎ ገንዘቡን ይከፍላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በዓለም ክብረ ወሰንነት የተመዘገበው ትልቁ ላርጅማውዝ ባስ 10 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ጆርጅ ፔሪ በ1932 እ.ኤ.አ. በጆርጂያ ሞንትጎመሪ ሐይቅ የያዘው 22 ፓውንድ ከ4 አውንስ ይመዝን ነበር። ማናቡ ኩሪታ በ2009 በጃፓኑ ቢዋ ሐይቅ የያዘው የሚበልጠው አንድ አውንስ በማይሞላ ልዩነት ስለሆነ ክብረ ወሰኑን ሁለቱ ይጋሩታል። እንዲህ ያለውን ዓሣ በደንብ የተሠራ ትንሽ ሪልም ጎትቶ ያወጣዋል።

ትልቅ ሪል የሚያስፈልገው በሦስት ምክንያት ነው፦ በክሩ ጫፍ የሚታሰረው ሰው ሠራሽ ማታለያ፣ ማለትም ሉሩ ሲከብድ፤ ሉሩ ውሃ ውስጥ ሲጎተት እጅ የሚያዝል ጫና ሲኖረው፤ እንዲሁም ወፍራም ክር ታስሮ ሩቅ መወርወር ግድ ሲሆን። ሪሉን ከዓሣው ጋር ሳይሆን ከሉሩና ከአጠማመድ ዘዴው ጋር ያዛመደ ሰው ገንዘቡም ትከሻውም ይተርፍለታል። ከዚህ በታች የቀረበው ይህን ለማድረግ የሚረዳ ቅደም ተከተል ነው።

ከመጀመርዎ በፊት

አራት ነገሮች ያዘጋጁ፦ ግራም ወይም አውንስ የምታሳይ ትንሽ የማድ ቤት ሚዛን፣ ዓሣ የሚመዘንበት መንጠቆ ያለው ሚዛን፣ የሚጠቀሙባቸውን ሉሮች በሙሉ፣ እና የስልክዎን ካልኩሌተር። ዘንግዎንም አጠገብዎ ያቁሙት፤ በላዩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ማየት ያስፈልጋል።

ደረጃ 1፦ ሉሮቹን ይመዝኑ

በሉሩ ማሸጊያ ላይ የተጻፈውን ክብደት ብቻ አይመኑ። በአንድ አውንስ ጂግ ላይ ትልቅ የፕላስቲክ ዓሣ ሲሰካበት ክብደቱ ይጨምራል። ባለ አምስት ክንድ የጃንጥላ ሪግ ከነ አምስቱ ዓሦቹና ከነ እርሳሶቹ ሲመዘን ብዙውን ጊዜ ገዢው ከገመተው ይበልጣል። እያንዳንዱን ሉር ለመወርወር በተዘጋጀበት ሁኔታ ሚዛን ላይ ያስቀምጡና በሦስት ክምር ይለዩ።

የመጀመሪያው ክምር እስከ 3/4 አውንስ፣ ማለትም እስከ 21 ግራም ያለው ነው። ሁለተኛው ከ3/4 እስከ 1 ተኩል አውንስ ያለው ነው። ሦስተኛው ከ1 ተኩል አውንስ፣ ማለትም ከ42 ግራም በላይ ያለው ነው።

የመጀመሪያው ክምር ለትልቅ ሪል አይሆንም። የትልቅ ሪል ስፑል ራሱ ከባድ ነው፤ የተጠቀለለበት ክርም ይከብዳል። ቀላል ሉር ይህን ሁሉ ከቆመበት አስነሥቶ ለማሽከርከር ጉልበት አይኖረውም። ፍሬኑን ሲያላሉለት ደግሞ ስፑሉ አንዴ ከተነሣ በኋላ ሉሩ ፍጥነቱን ሲቀንስ እርሱ መሽከርከሩን ይቀጥላልና ክሩ ይተበተባል። ሦስተኛው ክምር በአብዛኛው ትልቁን ሪል ይፈልጋል። መካከለኛው ክምር እንደ ዘዴው ይወሰናል፤ ወደ እርሱ በደረጃ 4 እንመለሳለን።

አብዛኛው ሉርዎ በመጀመሪያው ክምር ከገባ ንባቡን እዚህ ላይ ቢያቆሙም አይጎዱም። ትልቅ ሪል አሁን አያስፈልግዎትም።

ደረጃ 2፦ የሪሉን ቁጥር ማንበብ ይልመዱ

ዝቅ ያለ ቅርጽ ያላቸው ቤይትካስቲንግ ሪሎች በአብዛኛው 100፣ 150፣ 200፣ 300 እና 400 እየተባሉ ይሸጣሉ። ለባስ የሚበዛው ሥራ በ100፣ በ150 እና በ200 ይሠራል። «ትልቅ» የምንለው ከ300 ጀምሮ ያለውን ነው። ሺማኖ ትራንክስ 300 እና 400፣ ዳይዋ ታቱላ 300፣ ዳይዋ ሌክሳ 300 እና 400 በዚህ ወገን ይመደባሉ። አቡ ጋርሺያ ለሬቮ ቶሮ ቢስት የሚጠቀመው የተለየ አቆጣጠር ነው፤ 50 እና 60 ይላቸዋል። ስለዚህ የአንዱን ኩባንያ ቁጥር ከሌላው ጋር ፊት ለፊት አያወዳድሩ። እንደ አቡ ጋርሺያ አምባሳደር 6500 ያሉት ክብ ሪሎችም ለዚሁ ሥራ ይሆናሉ፤ ጠንካሮች ናቸው፣ ግን ቁመታቸው ከፍ ስለሚል ቀኑን ሙሉ በመዳፍ ይዞ መዋል ያደክማል።

የግራና የቀኝ እጀታ ጉዳይም አለ። በሺማኖ ሪሎች ቁጥር መጨረሻ 1 ሲኖር እጀታው በግራ ነው፤ 300 የቀኝ፣ 301 የግራ ማለት ነው። የኢንተርኔት ግዢ ላይ ይህችን አንዲት አኃዝ ሳያይ ያዘዘ ሰው መልሶ መላክ ይገጥመዋል።

ደረጃ 3፦ በአንድ ዙር የሚሰበሰበውን ክር ያስሉ

ከሁሉም በላይ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በሪሉ ላይ 5.6 ለ1 ወይም 7.1 ለ1 የሚል የማርሽ ምጣኔ ተጽፏል። 5.6 ለ1 ማለት እጀታውን አንድ ዙር ሲያዞሩ ስፑሉ 5.6 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ብዙ ሰው «5 ቀርፋፋ፣ 7 ፈጣን» ብሎ ይደመድማል። ይህ አባባል የሚሠራው የስፑሎቹ ስፋት እኩል ሲሆን ብቻ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው፦ ክር የሞላውን ስፑል ስፋት፣ ማለትም ዲያሜትሩን፣ በ3.14 ያባዙ፣ ከዚያ በምጣኔው ያባዙ። ስፋቱ 34 ሚሊ ሜትር የሆነ ትንሽ ስፑል በ7.1 ምጣኔ በአንድ ዙር 76 ሳንቲ ሜትር ያህል ክር ይሰበስባል። ስፋቱ 43 ሚሊ ሜትር የሆነ ትልቅ ስፑል በ5.6 ምጣኔ ያንኑ 76 ሳንቲ ሜትር ይሰበስባል። አንዱ «ፈጣን»፣ ሌላው «ቀርፋፋ» ተብሎ ቢሸጥም ሉሩን የሚጎትቱበት ፍጥነት አንድ ነው። በአሜሪካ ይህ ቁጥር በካርቶኑ ላይ በኢንች ተጽፎ ይገኛል፤ ከላይ ያለው 30 ኢንች መሆኑ ነው። ሪል ሲያወዳድሩ የሚያዩት ይህን ቁጥር ይሁን።

ሁለተኛው ነጥብ ክሩ ሲወጣ የሚሆነው ነው። ሩቅ ሲወረውሩ ከስፑሉ ብዙ ክር ይወጣና ስፋቱ ይቀንሳል። ያ 34 ሚሊ ሜትር የነበረው ትንሽ ስፑል ወደ 27 ቢወርድ በአንድ ዙር የሚሰበስበው ከ76 ወደ 60 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ትልቁ ስፑል ብዙ ክር ስለሚይዝ በዚያው ርቀት የሚያጣው ስፋት ያነሰ ነው፤ ፍጥነቱም ብዙ አይዋዥቅም። ሩቅ ላይ የነከሰ ዓሣ ወደ ጀልባው እየሮጠ ሲመጣ ልዩነቱ ይታያል፤ የላላውን ክር ቶሎ መሰብሰብ የቻለ ዓሣውን አያጣውም።

ሦስተኛው ነጥብ ስለ ጉልበት ነው። በአንድ ዙር እኩል ክር የሚሰበስቡ ሁለት ሪሎች የጉልበት ልዩነታቸው የሚመጣው ከእጀታው ርዝመትና ከማርሹ ጥንካሬ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ 90 ሚሊ ሜትር የሆነ እጀታ በ115 ሚሊ ሜትር ቢተካ በዚያው የእጅ ኃይል ከሩብ በላይ የበለጠ ጉልበት ያገኛሉ። ትልልቆቹ ሪሎች ረጅም እጀታና ሰፊ መጨበጫ ይዘው የሚመጡት ለዚህ ነው። ማርሻቸው ትልቅ፣ አካላቸው የማይጣመም መሆኑ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከባድ ሉር ሲጎትቱ ሪሉ እንዳይንገጫገጭ ይጠብቀዋል።

ደረጃ 4፦ ዘዴውን ከሪሉ ጋር ያዛምዱ

*ትልቅ ለስላሳ ስዊምቤይት።* ከ6 እስከ 10 ኢንች የሚረዝም፣ ከ2 እስከ 8 አውንስ የሚመዝን፣ ጅራቱን እየወዘወዘ የሚዋኝ የጎማ ዓሣ ነው። ዘዴው የጎለበተው በካሊፎርኒያ ነው፤ እዚያ ሐይቆች ውስጥ የሚለቀቀውን ሬይንቦ ትራውት ትልልቆቹ ባሶች ስለሚበሉ አጥማጆች ትራውት የሚመስል ሉር ሠሩ። ይህ ሉር በዝግታ መሄድ አለበት። በአንድ ዙር ከ65 እስከ 76 ሳንቲ ሜትር የሚሰበስብ 300 ሪል ይምረጡ፤ ሉሩ ከ4 አውንስ ካለፈ 400 ያድርጉት። ፈጣን ሪል ይዞ «ቀስ ብዬ አዞራለሁ» ማለት ለጊዜው ይሠራል፤ እጅ ሲደክም ግን ሳያውቁት ይፈጥናሉ።

*ግላይድ ቤይት።* አካሉ ከሁለት ክፍል የተጋጠመ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየተንሸራተተ የሚሄድ ጠንካራ ሉር ነው። እንቅስቃሴው የሚመጣው ከእጀታው ነው፤ ሩብ ዙር፣ ግማሽ ዙር፣ ቆም፣ እንደገና ግማሽ ዙር። በእያንዳንዱ ቆይታ ክሩ ስለሚላላ ዓሣው የነከሰ ጊዜ ያን ልቅ ክር ወዲያው መሰብሰብ ያስፈልጋል። ስለዚህ እዚህ ከፍ ያለውን ይውሰዱ፤ በአንድ ዙር ከ80 እስከ 95 ሳንቲ ሜትር የሚሰበስብ 300 ተስማሚ ነው። ግላይድ ቤይቱ ከ2 አውንስ በታች ከሆነ ጠንካራ 200 ይበቃዋል።

*በጣም ጠላቂ ክራንክቤይት።* ትልቅ ምላስ ያለው፣ ሲጎተት ወደ ታች የሚጠልቅ ሉር ነው። ስትራይክ ኪንግ 10ኤክስዲ የተባለው ከ25 ጫማ በላይ ይወርዳል፤ ክብደቱም 2 አውንስ ያህል ነው። ይህ ሉር ሙሉ ጥልቀቱ ላይ የሚደርሰው ከብዙ ሜትር ጉተታ በኋላ ነው፤ ወደ ጀልባው ሲቃረብ ደግሞ መነሣት ይጀምራል። ዓሣው ባለበት ጥልቀት የሚቆየው በመካከል ባለችው ርቀት ብቻ ነውና አወራወሩ በረዘመ መጠን ያቺ ርቀት ትሰፋለች። የ300 ሪል ጥቅም ይህ ነው። ምላሱ ውሃውን ሲገፋ የሚፈጥረው ጫና ከባድ ስለሆነ ዝቅተኛ ምጣኔ፣ ከ5.1 እስከ 5.8 ያለው፣ ከረጅም እጀታ ጋር ይሁን። ይህን ሉር በፈጣን ትንሽ ሪል ሲጎትት የዋለ ሰው ምሽት ላይ አንጓው ይነግረዋል።

*የጃንጥላ ሪግ።* ከአንድ ራስ የሚወጡ አምስት የሽቦ ክንዶች፣ በየጫፋቸው ትንሽ የጎማ ዓሣ፤ ውሃ ውስጥ የትናንሽ ዓሦች መንጋ ይመስላል። በኦክቶበር 2011 ፖል ኢላያስ በአላባማው ጉንተርስቪል ሐይቅ በዚህ ሪግ ትልቅ ውድድር ሲያሸንፍ ዘዴው በአንድ ጊዜ አገር አወቀው። ሁሉ ነገር ታስሮበት ከ2 እስከ 4 አውንስ ይመዝናል፤ ሲጎተትም አምስት ዓሣ እንደ መጎተት ነው። 300 ወይም 400፣ በአንድ ዙር እስከ 76 ሳንቲ ሜትር፣ በዝግታ። አንዳንድ ስቴቶች በአንድ ሪግ ላይ ሊኖር የሚችለውን መንጠቆ ቁጥር ስለሚገድቡ የሚያጠምዱበትን ስቴት ደንብ አስቀድመው ያንብቡ።

*ትልቅ ፍላተር ስፑን።* ከ5 እስከ 8 ኢንች የሚረዝም የብረት ማንኪያ መሳይ ሉር ነው። በበጋ ባሶች ጥልቅ ውሃ ውስጥ ተሰብስበው ሲውሉ ወደ ታች ይለቀቃል፤ ዘንጉን በኃይል ወደ ላይ ስቦ እንደገና እየተንቀጠቀጠ እንዲወርድ መተው ነው ዘዴው። በዳላስ ምሥራቅ ባለው ሌክ ፎርክ የሚያጠምዱ በደንብ ያውቁታል። ብዙ ጊዜ ዓሣው የሚነክሰው ሲወርድ ነው፤ ያኔ ክሩ ልቅ ነው። ስለዚህ ፈጣን 300፣ በአንድ ዙር ከ85 ሳንቲ ሜትር በላይ የሚሰበስብ ይሁን።

*ካሮላይና ሪግ።* ከ3/4 እስከ 1 አውንስ እርሳስ ያለው ሩቅ ተወርውሮ በወለሉ ላይ የሚጎተት ሪግ ነው። በመካከለኛው ክምር ውስጥ ነው። 200 ሪል ካለዎት በቂ ነው፤ ፈጣን 300 አስቀድመው ከገዙ ግን ያለ ችግር ይሠራበታል።

*ትልቅ ሪል የማይገባባቸው።* የውሃ አረም ምንጣፍን በከባድ እርሳስ በስቶ መግባት፣ አጥማጆች ፓንቺንግ የሚሉት ዘዴ፣ ክብደቱ ከ1 እስከ 2 አውንስ ስለሆነ ለትልቅ ሪል የተሠራ ይመስላል። ግን ርቀቱ ጥቂት ሜትር ነው፤ ሉሩም በቀን ውስጥ እጅግ ብዙ ጊዜ በአንድ እጅ ወዲያ ወዲህ ይላል። ረጅም የመወርወር ጥቅም በሌለበት ከባድ ሪል መሸከም ትርፉ ድካም ነው። ጠንካራ 150 ወይም 200፣ 8 ለ1 አካባቢ ምጣኔ ያለው፣ ከ65 ፓውንድ ብሬድ ጋር ይሻላል። የፕላስቲክ እንቁራሪት፣ ቻተርቤይት፣ ስፒነርቤይት፣ ጂግ እና የጎማ ትል ሁሉም የ150 እና የ200 ሥራ ናቸው። በዋሽንግተን አካባቢ በፖቶማክ ወንዝ የባሕሩ ሙላትና ጉድለት በሚደርስበት ክፍል በሣር ውስጥ የሚያጠምድ ወገን ብዙውን ጊዜ የሚጠቀመው እነዚህኑ ነው። እዚያ 400 ይዞ መሄድ ከእጅ አይሻል ዶማ ይሆናል።

ደረጃ 5፦ ክሩን ይምረጡና በትክክል ይጠቅልሉ

ለስዊምቤይትና ለግላይድ ቤይት ከ20 እስከ 25 ፓውንድ ፍሎሮካርቦን ወይም ወፍራም ሞኖ ይሁን። ለጠላቂ ክራንክቤይት ከ12 እስከ 17 ፓውንድ ፍሎሮካርቦን፤ ክሩ በቀጠነ ቁጥር ውሃው ስለማይዘው ሉሩ የበለጠ ይጠልቃል። ለጃንጥላ ሪግ 65 ፓውንድ ብሬድ ወይም 25 ፓውንድ ፍሎሮካርቦን። ለፍላተር ስፑን 20 ፓውንድ ፍሎሮካርቦን።

ወፍራም ፍሎሮካርቦን በጠባብ ስፑል ላይ ሲቆይ እንደ ስፕሪንግ ይጠማዘዛል፤ በሰፊ ስፑል ላይ ጥቅሉ ስለሚሰፋ ተዘርግቶ ይወጣል። ይህም የትልቁ ሪል አንዱ ጥቅም ነው።

ክሩ ከስፑሉ ከንፈር ወደ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ሲቀረው ያቁሙ። ብሬድ ከሆነ በሥሩ ጥቂት ሜትር ሞኖ ይጠቅልሉ፤ ብሬድ ብቻውን በለስላሳው ብረት ላይ ይንሸራተታልና ዓሣ ሲጎትት ጥቅሉ በሙሉ ይዞራል። ሲጠቀልሉም ክሩን በእርጥብ ጨርቅ ያዝ አድርገው አጥብቀው ይጠቅልሉት። ላልቶ የተጠቀለለ ብሬድ በከባድ ሉር ሲጎተት የላይኛው ክር ወደ ታችኛው ሥር ሰርስሮ ይገባል፤ በሚቀጥለው ውርወራ ስፑሉ በድንገት ይቆምና ሉሩ ክሩን በጥሶ ብቻውን ይሄዳል።

ደረጃ 6፦ ዘንጉን ያመሳስሉ

በዘንጉ ላይ ከመያዣው በላይ የተጻፈውን የሉር ክብደት ያንብቡ። ለስዊምቤይት ከ7 ጫማ ተኩል እስከ 8 ጫማ የሚረዝም፣ ከ2 እስከ 6 አውንስ የሚሸከም ጠንካራ ዘንግ ያስፈልጋል። ለጠላቂ ክራንክቤይት ርዝመቱ ተመሳሳይ ሆኖ እስከ መካከሉ የሚታጠፍ ለስላሳ ዘንግ ይሁን፤ ዘንጉ በጣም ግትር ከሆነ ትናንሾቹ ባለ ሦስት ጫፍ መንጠቆዎች ከዓሣው አፍ ይነቀላሉ።

ሪሉን በዘንጉ ላይ ካሰሩ በኋላ ከሪሉ ፊት ለፊት ባለው ቦታ በአንድ ጣት ላይ አስቀምጠው ያንሡት። ጫፉ በጣም ወደ ታች ከወደቀ አንጓዎ ቀኑን ሙሉ ሊያነሣው ነው። ረጅምና ከባድ ዘንግ ላይ ትልቅ ሪል ሲቀመጥ ብዙ ጊዜ ሚዛኑ የተሻለ ይሆናል፤ አጭርና ቀላል ዘንግ ላይ ሲቀመጥ ግን እጅ ላይ ድንጋይ እንደ መሸከም ነው።

ደረጃ 7፦ ፍሬኑንና ድራጉን ያስተካክሉ

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ይህን ሥራ ውሃ ዳር ሆነው ሳይሆን ቤትዎ ጓሮ ውስጥ ይጨርሱት።

መጀመሪያ የስፑሉን ማጥበቂያ ያስተካክሉ። በእጀታው በኩል ያለችው ትንሽ ክብ ማጥበቂያ ነች። ሉሩን ከዘንጉ ጫፍ ትንሽ ዝቅ አድርገው ዘንጉን በደረት ትይዩ ይያዙ፤ አውራ ጣትዎን ከስፑሉ ላይ ሳያነሡ መልቀቂያውን ይጫኑ፤ ከዚያ ጣትዎን በቀስታ ያንሡ። ሉሩ ዝም ብሎ፣ ሳይቸኩል መውረድ አለበት። መሬት ሲነካ ስፑሉ ወዲያው ከቆመ ልክ ነው። ሉሩ ወድቆ ስፑሉ አንድ ሁለት ዙር ከቀጠለና በላዩ ያለው ክር ፈልሶ ከተነሣ ጥቂት ያጥብቁት። ሉር በቀየሩ ቁጥር ይህን መድገም ያስፈልጋል፤ የ2 አውንሱና የ6 አውንሱ አንድ ዓይነት ማጥበቂያ አይሠራላቸውም።

ቀጥሎ ፍሬኑ ነው። በአብዛኞቹ ሪሎች ከእጀታው ማዶ ባለው ጎን ይገኛል፤ በማግኔት፣ በመሽከርከር ኃይል በሚከፈቱ ትናንሽ ጫማዎች ወይም በሁለቱም ይሠራል። ከመካከለኛው ከፍ አድርገው ይጀምሩ። ጥቂት ወርውረው እጅዎ ከለመደ በኋላ አንድ አንድ ነጥብ ይቀንሱ። ነፋስ ፊት ለፊት ሲነፍስ መልሰው ከፍ ያድርጉት።

በመጨረሻ ድራጉ ነው። ድራግ ዓሣው በኃይል ሲስብ ክሩ ከመበጠሱ በፊት ስፑሉ እየተንሸራተተ ክር እንዲለቅ የሚያደርግ የዲስኮች ክምር ነው፤ አሠራሩ ከመኪና ፍሪሲዮን ጋር ይመሳሰላል። የሚስተካከለው በእጀታው ሥር ባለው ኮከብ መሳይ ዘዋሪ ነው። የክሩን ጫፍ በዓሣ ሚዛኑ ላይ ያስሩና ሰው ይያዝልዎት፤ ዘንጉን ዓሣ እንደያዘ ያህል አጥፈው ይሳቡ። ክሩ መለቀቅ ሲጀምር ሚዛኑ የሚያሳየው ከክሩ ጥንካሬ ሩብ እስከ ሲሶ መሆን አለበት። ለ20 ፓውንድ ክር ከ5 እስከ 6 ተኩል ፓውንድ ማለት ነው። በካርቶኑ ላይ «25 ፓውንድ ድራግ» የሚል ቢጻፍም ለባስ ያን ያህል የሚያስፈልግበት ጊዜ የለም።

ደረጃ 8፦ በሁለት እጅ ይወርውሩ

ከባድ ሉር በአንጓ ፈጥኖ አይወረወርም። ሉሩን ከዘንጉ ጫፍ ከ30 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ያንጠልጥሉ። አንድ እጅዎ ሪሉን፣ ሌላው የዘንጉን ጭራ ይያዝ። ወደ ኋላ ይመልከቱ፤ 4 አውንስና ሁለት ባለ ሦስት ጫፍ መንጠቆ የጓደኛዎን ፊት ቢያገኝ ቀኑ በሆስፒታል ያልቃል። ከዚያ ዘንጉን ወደ ኋላ ወስደው ክብደቱ ሲሰማዎት በታችኛው እጅ እየሳቡ፣ በላይኛው እየገፉ፣ በአንድ ረጅምና ያልተቆራረጠ እንቅስቃሴ ወደ ፊት ይልቀቁት።

አውራ ጣት ከስፑሉ ርቆ አይሄድም። ሉሩ በሚበርበት ጊዜ ከክሩ በላይ እንደ ላባ ያንዣብባል፤ ክሩ ከፍ ብሎ ጣትዎን መንካት ሲጀምር ቀለል አድርገው ይንኩት። ሉሩ ውሃ ከመንካቱ ጥቂት ቀደም ብለው ስፑሉን ያቁሙት። በትልቅ ሪል ላይ ይህ የመጨረሻው ንክኪ ከትንሹ ይልቅ ቀደም ማለት አለበት፤ ከባዱ ስፑል በአንድ ጊዜ አይቆምም።

አንድ ብቻ የሚገዙ ከሆነ

አንድ ትልቅ ሪል ብቻ ለመግዛት የሚያስችል በጀት ካለዎት በአንድ ዙር ከ76 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር የሚሰበስብ 300 ይውሰዱ። ለስላሳ ስዊምቤይት ላይ ትንሽ ይፈጥናል፣ ፍላተር ስፑን ላይ ትንሽ ይዘገያል፤ ግን ሁሉንም ይሠራል። ሁለተኛ ሪል ሲገዙ ብቻ ወደ ሁለቱ ጫፎች ይሂዱ፤ አንዱን ዝግተኛ፣ ሌላውን ፈጣን። 400ን የሚገዙት ሉሮችዎ በቋሚነት ከ4 አውንስ በላይ ከሆኑ ነው። ወይም ያንኑ ሪል ለስትራይፕድ ባስና ለመስኪ፣ አለዚያም ወደ አርባ ምንጭ ሲሄዱ ለቻሞ ሐይቅ ናይል ፐርች ሊጠቀሙበት ካሰቡ።

ያገለገለ ሪል ከገዙ እጀታውን በቀስታ ያዙሩና ጆሮዎን ያቅርቡ፤ ከማርሹ የአሸዋ ድምፅ ከመጣ ይተዉት። እጀታውን ወደ ላይና ወደ ታች ነቅነቅ ያድርጉ፤ ብዙ ከተነቃነቀ መደገፊያ ኩሽኔታው አልቋል ማለት ነው። ድራጉን አጥብቀው ክሩን በእጅዎ ይሳቡ፤ እየተንገጫገጨ ከወጣ ዲስኮቹ መለወጥ አለባቸው።

እንክብካቤ

ከእያንዳንዱ ቀን በኋላ ሪሉን በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት። ጨዋማ ውሃ ከነካው ድራጉን አጥብቀው በቀስታ በሚፈስ ንጹሕ ውሃ ያጥቡትና ያድርቁት፤ ከዚያ ድራጉን አላልተው ያስቀምጡት። ዲስኮቹ ተጨቁነው ከከረሙ ይጣበቃሉ። ክር አመላላሹ ወዲያ ወዲህ በሚልበት ጥምዝ ላይ አልፎ አልፎ አንዲት ጠብታ ዘይት ያድርጉ፤ ከባድ ሉር መጀመሪያ የሚጎዳው ይህንኑ ክፍል ነው።

ሪል ከመግዛትዎ በፊት የስቴትዎን የዓሣ ማጥመጃ ፈቃድ ያውጡ፤ የሚሄዱበትን ሐይቅ የመጠን ገደብም ያንብቡ። ለምሳሌ ሌክ ፎርክ ላይ ከ16 እስከ 24 ኢንች ያለ ባስ ተመልሶ ወደ ውሃው ይለቀቃል። ከዚያ ሚዛኑን አውጥተው ሉሮችዎን ይመዝኑ። ሦስተኛው ክምር ባዶ ከሆነ ትልቁን ሪል ለጊዜው ሱቁ ውስጥ ይተዉት፤ ሉሮቹ ከመጡ በኋላም ቢገዙት አይዘገይም።